2 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ለምን 2.5 ሜትር አይሆንም?

ጥያቄ፦ የ4ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ በማስመሪያ መለካት ባያቅታትም፣ 2 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትርን 2.5 ሜትር ብላ ትጽፋለች፤ 90 ሴንቲ ሜትርም ከ1 ሜትር ይበልጣል ትላለች። እንዴት ላስረዳት?

መልስ፦ ቁጥሩን እንጂ መለኪያውን አላየችም። ከማወዳደሯ በፊት ሁለቱንም ወደ ሴንቲ ሜትር ትለውጥ፤ 1 ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 90 እንደሚያንስ ራሷ ትደርስበታለች።

ሌላ መልስ፦ እስማማለሁ፤ ሆኖም በማስተምርበት ክፍል ይበልጥ የረዳኝ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። 205 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ክር ከ250 ሴንቲ ሜትሩ ጎን ቢዘረጉላት፣ በ2.05 እና በ2.5 መካከል ያለውን የ45 ሴንቲ ሜትር ልዩነት በዓይኗ ታያለች።

ሌላ መልስ፦ ማስመሪያውን ከ1 ሳይሆን ከ0 መጀመሯንም ያረጋግጡ። የእኔ ልጅ እርሳሱን ሁሉ በ1 ሴንቲ ሜትር ሲያስረዝም ከርሟል።