መድኃኒቴን በረጅም መንገድ ላይ እንዴት ልያዝ?

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የምመላለስ የከባድ መኪና አሽከርካሪ ስሆን፣ ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ መኖሩን ካወቅሁ 9 ዓመት ሆኖኛል። የምወስደው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድነት የያዘውን፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጠውን ክኒን ነው፤ ቤቴ ሳለሁ ከምሽቱ 3 ሰዓት አሳልፌ አላውቅም።

የቸገረኝ መንገድ ላይ ነው። ከሚሌ እስከ ጋላፊ ባለው በረሃ ጋቢናው እንደ ምድጃ ስለሚግል፣ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ የተባለውን መድኃኒት የት እንደማኖረው ግራ ገብቶኛል። ብልቃጡ ሲንቀሳቀስ ይንኳኳል፤ ረዳቴ ደግሞ ሁኔታዬን አያውቅም፣ ለመናገርም ገና ዝግጁ አይደለሁም። ክኒኖቹን አውጥቼ በላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ ብይዛቸው ላቡና እርጥበቱ ያበላሻቸዋል ብዬ እሰጋለሁ። በዚህ ሁሉ መሐል ባለፉት 2 ወራት 5 ሌሊት ሳልውጥ አድሬአለሁ (ይህን ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም)፤ የቫይረስ መጠን ምርመራዬ የሚቀጥለው ወር ነው።

በዚህ ላይ ቃር አለብኝ። አልሙኒየምና ማግኒዥየም ያለበትን የጨጓራ ማስታገሻ ክኒኑን ከመውሰዴ 6 ሰዓት በፊት ወይም ከወሰድኩ 2 ሰዓት በኋላ እንድጠቀም ተነግሮኛል፤ ቃሩ የሚነሳብኝ ግን ልክ ከእራት በኋላ፣ በክኒኑ ሰዓት ነው።

በተመሳሳይ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ብልቃጡን ከሙቀትና ከሰው ዓይን የምትጠብቁት በምን ዘዴ ነው? የመውሰጃ ሰዓቱን ወደ ጧት ያዛወረ ካለስ እንዴት ለመደው? ያመለጡኝን ቀናት ለምክር ነርሷ ሳልደብቅ መናገር እንዳለብኝ አምናለሁ፤ ባለፈው ጊዜ በቁጣ ስለተቀበለችኝ ግን ወሬውን ከየት እንደምጀምረው አላውቅም።