ከሰጋቱራ በፕላዝማ ኬሚካል ማውጣት ይቻላል?

የቡራዩ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ቡራዩ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። በብዛት የሚሰነጠቀው ባህር ዛፍ ነው፣ ሰጋቱራው አጥር ጥግ ተቆልሎ ክረምት ይበሰብሳል፣ በጋ ደግሞ እሳት እንዳይነሳበት እንሰጋለን። ሊግኒን የሚባለውን የእንጨት ክፍል በኤሌክትሪክ ፕላዝማ (ኤሌክትሪክ አቶሞቹን ሰብሮ ኤሌክትሮን ያላቀቀበት ጋዝ) ሰባብሮ ጠቃሚ ኬሚካል ማድረግ እንደሚቻል አነበብኩና ለመመረቂያዬ ልይዘው አሰብኩ። ጎረቤታችን በያጅ ስለሆነ ትራንስፎርመር አላጣም። ሰጋቱራውን እንዳለ ብከተውስ?

ኬሚስቷ፦
ወንድሜ፣ ሀሳብህ ደስ ይላል። ግን ሰጋቱራ ሁሉ ሊግኒን አይደለም። እንጨት ውስጥ ያለው ከ15 እስከ 30 በመቶ ገደማ ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ሴሉሎስና ሄሚሴሉሎስ ነው። ሊግኒን ቃጫዎቹን እንደ ሙጫ የሚያጣብቀው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለየው። ሰጋቱራውን በኮስቲክ ሶዳ ስትቀቅለው ፈሳሹ እንደ ቡና ይጠቁራል። አጣርተህ አሲድ ጠብ ጠብ ስታደርግበት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 2 ሲወርድ ቡናማ ነገር ልክ እንደ ቡና አተላ ይዘቅጣል። ሊግኒኑ እሱ ነው። ይህን ግን ላብራቶሪ ውስጥ፣ ጓንትና መነጽር አድርገህ ብቻ።

የገላኑ ኤሌክትሪሺያን፦
የብየዳው ትራንስፎርመር አይሆንህም። አምፔሩ ትልቅ፣ ቮልቴጁ ትንሽ ነው። የብየዳ እሳት ራሱ ፕላዝማ ነው፣ ግን ሙቀቱ በሺህ ዲግሪ ስለሚቆጠር ሊግኒኑን ጋዝና ከሰል ያደርገዋል። አንተ የምትፈልገው ቀዝቃዛውን ፕላዝማ ነው፣ ኤሌክትሮኖቹ ብቻ ጉልበት ይዘው ጋዙ ብዙ የማይሞቅበትን። በሁለት ኤሌክትሮዶች መሀል ብርጭቆ ወይም ሴራሚክ ይገባና በብዙ ሺህ ቮልት ይሠራል። ይሄ ይገድላል። የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ፈትተው ቪዲዮ ላይ የሚያሳዩትን እባክህ እንዳትሞክር። በአየር ከሠራህ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ ኦዞን ይወጣል።

የቡራዩ ልጅ፦
ተረዳሁ ጋሼ፣ ቤት ውስጥ አልነካውም። እህቴ፣ በመጨረሻ የሚወጣው ምንድን ነው?

ኬሚስቷ፦
ጓያኮል፣ ሲሪንጎል፣ ቫኒሊን (የቫኒላ መዓዛ የሚሰጠው) እና መሰሎቻቸው። ጋን በወይራ ሲታጠን የሚሸትህ የጭስ መዓዛ ውስጥ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ አሉ፤ እሳቱ ሊግኒኑን ሰብሮ ነው የሚያወጣቸው። ቫኒሊንማ ኖርዌይ ያለው ቦሬጋርድ የሚባል ኩባንያ ከእንጨት ሊግኒን በፋብሪካ ደረጃ ያመርታል፣ በፕላዝማ ሳይሆን በኦክሲጅን። የፕላዝማው ፈተና መስበሩ አይደለም፣ ማቆሙ ነው። ትንሽ ከቆየህ የተሰበሩት ቁርጥራጮች መልሰው ይያያዛሉ፣ ወይም እስከ ካርቦን ሞኖክሳይድ ድረስ ይፈርሳሉ። እኔ ብሆን ጥያቄዬን አጠብበው ነበር፦ የባህር ዛፍ ሊግኒን በ5፣ በ10፣ በ20 ደቂቃ ምን ይሰጣል፣ ለዚያስ ስንት ኤሌክትሪክ በላ? የኤሌክትሪኩን ቁጥር አትዝለል፣ ሥራው ያዋጣል አያዋጣም የሚለው እዚያ ነው የሚለየው።

የቡራዩ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከአጎቴ ቤት ስንት ላምጣ?

ኬሚስቷ፦
አንድ ፌስታል ይበቃሃል። ከክምሩ ሳይሆን በዚያው ቀን ከመጋዙ ሥር ውሰድ፣ የበሰበሰው ውጤትህን ያበላሻል። የኤምዲኤፍና የቺፑድ ብናኝ እንዳይቀላቀልበት ለአጎትህ ቀድመህ ንገረው፣ ሙጫ አለበት።