ዛንዚባር ላይ የአንድ ቀን የጀልባ ዙረት፦ ናኩፔንዳና ቻንጉ ወይስ ምኔምባ?

የጥር ሙሽሮች፦
ሰላም ለቤቱ። ከሠርግ ማግሥት ለአምስት ቀን ዛንዚባር እንሄዳለን፤ ሁለት ሌሊት በምዕራብ ዳርቻ ባለው አሮጌ ከተማ ስቶን ታውን፣ ቀሪውን ሰሜን ጫፍ ላይ ኑንግዊ። አንዱን ቀን በጀልባ ደሴት ለደሴት መዞር አስበናል። አንዱ አስጎብኚ ናኩፔንዳንና ቻንጉን አንድ ላይ፣ ሌላው ምኔምባን ይላል። ሁለታችንም ዋና አንችልም። ከባሕር ምግብ ደግሞ ከዓሣ በቀር አንበላም። የቱ ይሻላል? ስንት ሰዓት እንነሣ? ምን እንያዝ?

ካስካዚ፦
እንኳን ደስ ያላችሁ። ዋና ለማይችል ናኩፔንዳና ቻንጉ ናቸው። ምኔምባ ደሴቱ ላይ እንኳ አትወርዱም፤ የግል ሎጅ ነው። ጉዞው በሙሉ ከጀልባ ወደ ጥልቅ ውኃ ወርዶ ኮራልና ዓሣ ማየት ነው። በጥርና በየካቲት ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ የሚባል ነፋስ ምኔምባ ያለበትን ወገን ፊት ለፊት ያገኘዋል። የስቶን ታውን በኩል በደሴቲቱ ስለሚከለል ውኃው ይረጋጋል።

ቀን ከመያዛችሁ በፊት ግን ጨረቃን እዩ። ናኩፔንዳ ደሴት አይደለም፤ ባሕሩ ሲሸሽ ብቅ የሚል፣ ሲመለስ የሚሰጥም የአሸዋ ጀርባ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ወይም በጠፋችበት ሰሞን ሽሽቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ይውላል፤ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነትም ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። አሸዋው ሰፊ ሆኖ የሚገኘው ያኔ ነው። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን በዚያው 4 ሰዓት ባሕሩ ሞልቶ ይጠብቃችኋል፤ ሽሽቱ ወደ ቀኑ 10 ሰዓት ይሄዳል፣ እሱም ደከም ያለ ነው።

ስለዚህ ሽሽቱ ጠዋት ከሆነ 2 ሰዓት ተኩል ተነሡ፣ አሸዋው ላይ ምሳ እስኪደርስ ቆዩ፣ ከዚያ ቻንጉ። ሽሽቱ ከ7 ሰዓት በኋላ ከሆነ ቻንጉን አስቀድሙ። አስጎብኚው «የዚያን ቀን ባሕሩ ስንት ሰዓት ይሸሻል?» ሲባል ወዲያው ካልመለሰ ሌላ ፈልጉ። ብዙዎቹ ቅደም ተከተሉን በልማድ ነው የሚያስኬዱት፤ ሰው የሚያዝነውም ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ምሳ ሲበላ ነው።

አሸዋው ላይ ዛፍም ሽንት ቤትም የለም። ጥላ ይዘው እንደሚመጡ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ቻንጉ፣ የእስር ቤት ደሴት የሚባለው፣ ከስቶን ታውን በሞተር ጀልባ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። እስር ቤቱ በ1893 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ እስረኛ ሳይገባበት የቢጫ ወባ ማቆያ የሆነ ነው፤ አንድ ዙር በቂው ነው። ዋናው ነገር በ1919 እ.ኤ.አ. ከሲሸልስ በስጦታ ከመጡት የወረዱት ግዙፍ ኤሊዎች ናቸው። ድንጋይ ልብሳቸው ላይ ዕድሜያቸው በቀለም ተጽፏል። ቅጠል ስታበሉ ጣታችሁን ሰብስቡ፤ ጀርባቸው ላይ መቀመጥማ ነውር ነው።

ጠረፍ፦
ካስካዚ ያለው ልክ ነው፤ እኔ ስለ ውኃው ልጨምር። ዋና አለመቻል ኮራል ከማየት አያግድም፣ ላይፍ ጃኬቱ ልክ ከሆነ። ልበሱትና ሌላው ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው፣ ውኃ ውስጥም አገጭ ይመታል። ቁልፎቹ ሁሉ መቆለፋቸውን ጀልባው ሳይነሣ እዩ።

ውኃ ውስጥ ለማየት ፊት ላይ የሚጠለቀውን ማስክም እዚያው ፈትሹት። ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ ለጥፉት፣ በአፍንጫ አየር ሳቡ፣ እጃችሁን ልቀቁ። ካልወደቀ ልክ ነው። ውኃ የሚያስገባው አብዛኛውን ጊዜ ከጎማው ሥር የገባ ፀጉር ወይም ጢም ነው፤ ለጢም ትንሽ ቫዝሊን ይበቃዋል። ሰው ግን ማሰሪያውን ያጠብቃል፤ ያኔ ጎማው ይጨማደድና ይብስበታል። እንዳይደበዝዝ የሕፃን ሻምፖ አንድ ጠብታ ውስጡን ቀብቶ ለቅለቅ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ወገብ በሚደርስ ውኃ ቆማችሁ ፊታችሁን ብቻ ነክራችሁ በመተንፈሻ ቱቦው በአፍ መተንፈስን ተለማመዱ።

ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አያቃጥለውም የሚባለውን እርሱት። ፊት ወደ ታች ተንሳፍፎ ለሚቆይ ሰው የሚላጠው ማጅራትና ከጉልበት ጀርባ ነው። እጅጌው ረጅም ቀሚስ ወይም ቲሸርት ከየትኛውም ቅባት ይበልጣል። ወፍራም ጎማ ያለው የውኃ ጫማ ያዙ፤ የባሕር ጃርት እሾህ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

የሚያቅለሸልሸው ሰው ክኒኑን ከመነሣቱ አንድ ሰዓት በፊት ይዋጥ። ከተጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ጀልባው ውስጥ ከመሐል ወደ ኋላ ተቀመጡ፣ ስልክ አትዩ።

ጨው ውኃ፦
እኔ ደግሞ በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ ያለውን ፉምባን እመርጣለሁ። ከዚያ የሚነሡት ጀልባዎች በመናይ ባሕረ ሰላጤ ዞረው ኩዋሌ ደሴትን ያሳያሉ፤ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፣ ምሳውም ከሁሉ ይሻላል። ግን ከስቶን ታውን ሳላችሁ አድርጉት፤ ከኑንግዊ ደሴቲቱን ከጫፍ ጫፍ ማቋረጥ ነው። ኩዋሌ ላይ ማንግሮቭ (ጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) መካከል ያለው ሐይቅ ደግሞ ከናኩፔንዳ ተቃራኒ ነው፤ የሚያምረው ባሕሩ ሲሞላ ነው።

ምሳ ላይ ኦክቶፐስና ሎብስተር ከዓሣው ጋር አንድ ፍርግርግ ላይ ነው የሚጠበሱት። በዋዜማው «ሳማኪ ቱ» በሉ፣ ዓሣ ብቻ ማለት ነው፤ በተለየ ፍርግርግ እንዲጠበስም ጠይቁ። በኮኮናት የተቀቀለው ሩዝና ባቄላውም አለ።

ሰዓት ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። ስዋሂሊ እንደ አማርኛ ነው የሚቆጥረው፦ «ሳአ ታቱ አሱቡሂ» ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ ምንም መቀየር የለም። በእንግሊዝኛ በዋትስአፕ ሲጽፉላችሁ ግን 9 ይላሉ። ቀጠሮ የሚበላሸው አንዱ ቀይሮ ሌላው ሳይቀይር ሲቀር ነውና ሁለቱንም ጻፉ።

ዋጋ ስትስማሙ በጀልባ ነው በሰው ብላችሁ ጠይቁ፤ የቻንጉ መግቢያ፣ ማስክ፣ ምሳና ከሆቴል መውሰጃው ውስጡ እንዳለ አስጽፉ። ባሕር ዳር የሚከታተሏችሁ ደላሎች ፓፓሲ ይባላሉ፣ መዥገር ማለት ነው። ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ አትስጡ።

ከአዲስ አበባ ስትነሡ የቢጫ ወባ ካርድ አይረሳ፤ ክትባቱ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መሆን አለበት። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዛንዚባር የግዴታ መድን አለ፣ ለአንድ አዋቂ 44 ዶላር፤ ሌላ የጉዞ መድን ቢኖራችሁም አይቀርም።

የጥር ሙሽሮች፦
እናመሰግናለን። ናኩፔንዳን መርጠናል። ግን አየነው፣ ስቶን ታውን በምንሆንባቸው ሁለቱም ቀናት ጨረቃ ግማሽ ናት። ምን ይሻላል?

ካስካዚ፦
ጠዋቱን ተዉት። ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ መጀመሪያ ቻንጉ ግቡ፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ አሸዋው ጋ ድረሱ። ጠባብ ይሆናል፣ ግን የጠዋቱ ሕዝብ ሄዷል። ምሳውን ቀድማችሁ ብሉና ፍራፍሬ ብቻ አስይዙ፤ ዋጋውም ይወርዳል። ካፒቴኑ ሳይጨልም ወደብ እንዲመልሳችሁ ሰዓቱን አብራችሁ ቁረጡ፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ጀልባዎች መብራት የላቸውም።