የአጎቴ የጌም ካሴቶች፦ ልሽጣቸው ወይስ ላቆያቸው?

የአዘዞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ቤት ዕቃ ስናስተካክል የአጎቴ የድሮ ጌም ካሴቶች ከነሳጥናቸው ወጡ። አብዛኞቹ ቢጫ ናቸው፤ «9999 በ1» ምናምን የሚል ስቲከር አላቸው። አንዱ ግን ግራጫ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ማጫወቻው ውስጥ አይገባም። አጎቴ ውጭ አገር ነው፤ «እንደፈለግሽ አድርጊያቸው» ብሎኛል። አራዳ ገበያ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉንም በ800 ብር ልውሰድ አለኝ። አንድ የማሪዮ ካሴት በ1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ሲባል ግን አንብቤያለሁ። እውነት ነው? ምን ትመክሩኛላችሁ?

ማራኪ ሰፈር፦
800 ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ትንሽ ቆይ በይው።

የፒያሳው ጠጋኝ፦
እህቴ፣ ወሬው እውነት ነው፤ ያንቺን ካሴት ግን አይመለከትም። በ2021 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) በጨረታ የተሸጠው ሱፐር ማሪዮ 64 ከነላስቲኩ ያልተከፈተ ነበር። ገዢው የከፈለው ለዚያ ንጹሕ ሣጥን ነው። ያው ጌም የተጫወቱበት ከሆነ እንደ ልብ ይገኛል። ብርቅ ማለት የማሪዮ ባለቤት የሆነው የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ በ1990 ለውድድር ያሠራው ካሴት ነው፤ የተሠራው ግራጫው 90፣ ወርቃማው 26 ብቻ ነው።

ግራጫሽ ያልገባው የአሜሪካው ዓይነት ስለሆነ ነው፤ 72 ፒን (ከማጫወቻው ጋር የሚነካካ የብረት ጥርስ) አለው። እኛ ጋ የደረሱት ማጫወቻዎች በ1983 ጃፓን ከወጣው ፋሚኮም ከሚባለው የኒንቴንዶ ማጫወቻ የተቀዱ ናቸው፤ የእሱ ካሴት 60 ፒን ነው። ግራጫው ላይ ምን ተጽፏል?

እኔን የሚያሳስቡኝ ግን ቢጫዎቹ ናቸው። ቅጂ ናቸው፣ አዎ። ብትከፍቺያቸው ባለ እግር ቺፕ ፈንታ ቦርዱ ላይ የደረቀ ጥቁር የሙጫ ጠብታ ታያለሽ። 9999 የሚለውም ውሸት ነው፤ ጥቂት ጌሞች ስማቸውና መነሻ ደረጃቸው እየተቀየረ ይደጋገማሉ። ሆኖም የማን ፋብሪካ እንደሠራቸው አይታወቅም። ሁለት ካሴቶች አንድ ዓይነት ስቲከር ተለጥፎባቸው ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል። የኒንቴንዶን ካሴት የሚሰበስብ ሞልቷል። ጎንደር ልጆች ከትምህርት ቤት እየቀሩ የተጫወቱባቸውን እነዚህን ግን እኛ ካላስቀመጥናቸው ማን ያስቀምጣቸዋል? እባክሽ ለ800 ብር ብለሽ አትበትኛቸው።

የአዘዞዋ፦
ግራጫው ላይ «ሱፐር ማሪዮ ብሮስ» እና «ዳክ ሀንት» ይላል፤ ሁለቱ አንድ ላይ። አንዱ ቢጫ ደግሞ ሲጀምር ምስሉ ይዘባረቃል። እፍ ብልበት ይሻለዋል?

የፒያሳው ጠጋኝ፦
ኧረ በፍጹም! ከትንፋሽ ጋር የሚገባው እርጥበት ፒኑን ያዝገዋል። እፍ ሲሉት የሠራ የሚመስለው ካሴቱ ወጥቶ ሲገባ ፒኖቹ በደንብ ስለሚነካኩ ነው። ከፋርማሲ አልኮል ግዢ፤ የጆሮ ጥጥ ትንሽ ነክረሽ ፒኖቹን ቀስ እያልሽ ጥረጊ። መጀመሪያ ጥጡ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ቀይሪ፤ ከዚያ በደንብ ይድረቅ።

ግራጫው ኦሪጅናል ሊሆን ይችላል፤ ብርቅ ግን አይደለም። አሜሪካ ከማጫወቻው ጋር አብሮ ይሸጥ ስለነበር ብዙ ነው። ለመታሰቢያ ያዥው።

የማጫወቻውን አዳፕተር ግን ሳላየው እንዳትሰኪው። ቮልቱ ካልገጠመ ወይም ፕላስና ማይነሱ ከተገለበጠ ያቃጥለዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ክፍት ነኝ፤ ሳጥኑን እንዳለ ይዘሽው ነይ። ለማየት ገንዘብ አልቀበልሽም።