ሳማ ለበለበኝ፣ ምን ልቀባ?

የቆስቋም ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ትናንት እማዬ ለፍልሰታ የሳማ ወጥ አማረኝ ብላ ልቆርጥላት ከጓሮ ካቡ ሥር ወረድኩ፣ ፌስታል በእጄ አጥልቄ ነበር ግን ተቀደደና ሁለቱንም ክንዴን ለበለበኝ። ሽፍ ብሎ አብጧል፣ ሌሊቱን ሳክክ ነው ያደርኩት። አንዷ ጎረቤት ጤና አዳም ወቅጠህ እሸው ትላለች ሌላዋ ሎሚ፣ የቱን ልስማ? ወጡ ግን ይጣፍጥ ነበር 😂

ደምቢያዊት፦
ውይ አይዞህ። ጤና አዳሙን ለቡናህ ተወው! እሱም ሎሚም ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥርና ጥቁር ምልክት ጥሎ ይሄዳል። እኔ አንዴ ሎሚ ጨምቄ ሳልታጠብ ልብስ ሳሰጣ ዋልኩ፣ እጄ ስንት ሳምንት ጠቁሮ ከረመ መሰለህ። ሳማው ላይ ያለችው ፀጉር የምትመስለው እሾህ እንደ መርፌ ገብታ ሂስታሚን ምናምን የሚባል የሚያሳክክ ነገር ነው የምትረጨው፣ ካሸኸው ይብሳል። ወዲያው ቢሆን ፕላስተር ለጥፈህ ብድግ ስታደርገው እሾኹ አብሮ ይነቀል ነበር፣ አሁን በሳሙና ታጠብና ቀዝቃዛ ጨርቅ ጣል አርግበት።

ጡረተኛው፦
እኛ ከብት ስንጠብቅ ቱልት ነበር መድኃኒታችን፣ ቅጠሉን ጨምቀን ጠብ ጠብ። ሳማ ካለ ቱልት ከአጠገቡ አይጠፋም። ምናልባት ቅዝቃዜው ይሆናል ያሻለን እንጃ፣ ልቅሶ ግን ያስቆማል።

ደምቢያዊት፦
ልክ ነው ጋሼ፣ ቱልት ክፋት የለውም። እሬት ካለህም ጥሩ ነው ግን ስትቆርጠው የሚወርደውን ቢጫ ፈሳሽ አፍስሰው፣ እሱ ራሱ ያሳክካል፣ ውስጡን ዝልግልጉን ብቻ ቀባ።

አዘዞ 07፦
ሳማስ ይለቃል፣ እኔ ቁልቋል ነው የምፈራው። አጥር ስመለምል ወተቱ ዓይኔ ገባ፣ ሰፈሩ ተሰብስቦ አንዷ የጡት ወተት ጠብ ይደረግበት ትላለች አንዱ ቅቤ ይላል፣ ደግነቱ ወንድሜ ጎትቶ ቧንቧ ሥር ደፋኝ። ኧረ በናታችሁ ዓይን ከሆነ ወዲያው በብዙ ውሃ፣ 20 ደቂቃ እንኳ ቢሆን፣ ከዛ ቀጥታ ሐኪም ቤት። ሳማም ቢሆን ፊት ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠረ በባህላዊ አትጠብቁ።

የቆስቋም ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ ቱልቱን አገኘሁት፣ ችግሩ መሃል ሳማው ውስጥ ነው የበቀለው 😭

ጡረተኛው፦
ፌስታሉን ሁለት አርገው።