ጥቆማ፦ ከቤት እስከ አቮካዶው ዛፍ መብራት ለመሳብ

ሰሚት ሰፈር፦ ሰላም ናችሁ? ግቢያችን ውስጥ ትልቅ አቮካዶ አለ። ለእንቁጣጣሽ ሥሩ ቁጭ ብለን ቡና እንድንጠጣ ቅርንጫፉ ላይ አንድ መብራት ማንጠልጠል ፈልጌያለሁ። ከበረንዳው 14 ሜትር ይርቃል። ልጆች አሉ፣ ውሻ አለ፣ ክረምቱም እንደምታዩት ነው። ምን ዓይነት ገመድ ልግዛ? ከየት? የሚሠራልኝ ሰውስ ታውቃላችሁ?

የኮልፌ ልጅ፦ መርካቶ ደንበኛዬ ጋ ሂጂ። 11 ዓመት ከሱ ነው የምገዛው፣ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ዝም አልልም፦ ምን ዓይነት ገመድ ነው ያለችው እኮ።

የኮልፌ ልጅ፦ ሁሉም አለው።

ጓሮዬ፦ አቮካዶው የተዳቀለ ነው ወይስ ከፍሬ የበቀለ? የኔ 7 ዓመቱ ነው፣ አንድ ፍሬ አላየሁበትም።

ነዝሮኝ ያውቃል፦ እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። አምና አንዱን "ባለሙያ" ጠርቼ የቤት ውስጥ ነጭ ገመድ ዛፍ ላይ ዘረጋልኝ። ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲመጣ ልብስ ላነሳ ወጣሁ። የልብስ ማስጫው ሽቦ እዚያው ዛፍ ላይ ነው የታሰረው። ነፋሱ ገመዱን ከሽቦው ጋር ሲያፋትገው ከርሞ ልጦታል። ሽቦውን ስነካው እስከ ትከሻዬ ደነዘዝኩ። ብሬከሩ ደግሞ ንቅንቅ አላለም!

ዝም አልልም፦ ብርህን መለሰልህ?

ነዝሮኝ ያውቃል፦ ስልኩን ዘጋ።

ቤቴል ማዶ፦ የኛም ፍሪጅ ይነዝራል። ነጠላ ጫማ ካደረግኩ ግን ምንም አይለኝም። ችግር አለው?

ሽቦ ቀጣይ፦ አለው እንጂ! ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) የለውም ወይ ተቆርጧል። ነጠላ ጫማውን ተይውና ቤቱን አስፈትሺ።
ብሬከሩ ያልወረደው ሥራው ስላልሆነ ነው። ባለ 10 አምፔሩ የሚጠብቀው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ሰው ለመግደል የአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ ይበቃል። ሰውን የሚያድነው "ቴስት" የሚል ቁልፍ ያለው፣ 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበት ነው፤ አርሲዲ ይባላል። የሄደውና የተመለሰው ኤሌክትሪክ ሲለያይ በቅጽበት ይቆርጣል። ያለሱ ግቢ ውስጥ 220 ቮልት አልዘረጋም።

የኮልፌ ልጅ፦ እሱም ደንበኛዬ ጋ አለ።

ዝም አልልም፦ የሚያፈራ አቮካዶስ ካለው ጠይቅለት።

የኮልፌ ልጅ፦ አንተ ከየት እንደምትገዛ እናውቃለን፣ ፎርጅድ ሲቃጠልብህ ትመጣለህ።

ቀላሉ ይሻላል፦ ሶላር ግዢና ተገላገይ።

ሰሚት ሰፈር፦ አቮካዶ ጥላ ሥር? በነሐሴ?

ሽቦ ቀጣይ፦ ሶላሩ ጣሪያ ላይ ካልሆነ አይሞላም። እህቴ፣ ለአንድ መብራት እኔ የምመርጥልሽ ባለ 12 ቮልት ነው። ትራንስፎርመሩ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፣ ወደ ዛፉ የሚሄደው 12 ቮልት ብቻ ነው። ውሻው ቢያኝከው እንኳ የከፋ ነገር አይመጣም።
የግድ 220 ካልሽ፣ ለመሬት ውስጥ የተሠራ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ይሁን፤ ውፍረቱ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃሻል። በቱቦ ውስጥ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ይቀበር፣ መሃል ላይ መቀጠያ አይኑረው። የአቮካዶ ሥር ላይ ላዩን ስለሚሄድ ዛፉ አጠገብ በጥንቃቄ ይቆፈር። ግንዱን በሽቦ አትጠፍሩት፤ ሲወፍር ገመዱን ይውጠዋል። ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ነፋስ ሲያወዛውዘው እንዳይወጠር ትርፍ ተዉለት። ገመዱ መብራቱ ጋ ሲደርስ ከታች ታጥፎ ሽቅብ ይግባ፣ ዝናቡ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል። መብራቱ ላይ አይፒ 65 የሚል ፈልጊ፣ አቧራና ዝናብ አያስገባም ማለት ነው። ከበረንዳ ሶኬት በማካፈያ መሳብ ግን ለአንድ ማታም አይሆንም።

ነዝሮኝ ያውቃል፦ ይሄንን አምና ብትነግረኝ ምን ነበረበት!

ቤቴል ማዶ፦ ፍሪጁን የሚፈትሽ ሰው ቤቴል አካባቢ ታውቃላችሁ?

ሰሚት ሰፈር፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የኛም የልብስ ማስጫ ሽቦ ነው፣ አቮካዶው ላይ ነው የታሰረው። አሁኑኑ ወጥቼ ፈታሁት።

ሽቦ ቀጣይ፦ ጎበዝ። 12ቱን ነው ወይስ 220ውን ወሰንሽ?

የኮልፌ ልጅ፦ ደንበኛዬ ጋ ከሄድሽ የኮልፌው ልጅ ልኮኝ ነው በይው፣ ይቀንስልሻል።

ጓሮዬ፦ የተዳቀለ ነው ወይ ብዬ ነበር።