ከሲቪል ምህንድስና ወደ ኤምቢኤ፦ የቱን ላስቀድም?

ኦፊስ_ሜክሲኮ
ሰላም ለቤቱ። በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ኮንትራክተር ጋ ኦፊስ ኢንጂነር ሆኜ እየሠራሁ ነው። ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) መማር እፈልጋለሁ። እዚሁ ማታ ልማር ወይስ ውጭ ላመልክት የሚለውን ገና አልቆረጥኩም። አካውንቲንግ የሚባል ነገር ተምሬ አላውቅም። የቢዝነስ ዲግሪ የለሽም ተብዬ እመለሳለሁ? ፈተናው፣ ወረቀቱ፣ ድርሰቱ... ከየቱ ልነሳ?

ዴቢት_በግራ
በዲግሪሽ አትሳቀቂ። ኤምቢኤ ከመነሻውም ቢዝነስ ያልተማረውን ሰው ታሳቢ ያደረገ ነው፤ አካውንቲንጉም ኢኮኖሚክሱም መጀመሪያ ላይ ይሰጣል። በአካውንቲንግና ፋይናንስ ኤምኤስሲ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ብዙ ጊዜ "ተዛማጅ የትምህርት መስክ" የምትል ሐረግ አለች፣ ሰው የሚወድቀውም በሷ ነው። የመግቢያ ማስታወቂያውን እስከ ግርጌው አንብቢ።

ስድስት ኪሎ ያለው ኤፍቢኢ (የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ፋኩልቲው) እና ሰንጋ ተራ ያለው ኮሜርስ ሁለቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፣ ፕሮግራማቸው ግን ለየቅል ነው። የኮሜርሱ ፕሮጀክት ማኔጅመንት ለሥራሽ ይቀርባል፤ ኤምቢኤ ግን አይደለም። ለቢሮው ስለቀረበ ብቻ እንዳትመዘገቢ።

አካውንቲንጉን ደግሞ ከራስሽ የክፍያ ሰርተፍኬት ጀምሪ፤ ለተሠራ ሥራ ክፍያ የሚጠየቅበት ሰነድ ማለት ነው። የ10 ሚሊዮን ብር ሥራ ጸደቀ እንበል። 5 በመቶ ሪቴንሽን (አሠሪው ለመያዣ የሚያቆየው) 500 ሺህ፣ የአድቫንስ (የቅድሚያ ክፍያ) ተመላሽ 2 ሚሊዮን ተቀነሰ፤ ቫቱንና ሌላውን ትተን ባንክ የገባው 7.5 ሚሊዮን ነው። ገቢ ሆኖ የሚመዘገበው ግን 10 ሚሊዮኑ ነው። ሪቴንሽኑ ወደፊት የምትሰበስቡት ሀብት ነው። 2 ሚሊዮኑ ደግሞ ቀድሞ በአድቫንስ የተቀበላችሁት ስለሆነ ዕዳችሁን ያቀልላል። ድርጅት በወረቀት አትራፊ ሆኖ ደመወዝ መክፈል የሚያቅተው ለምን እንደሆነ ይህን ሰርተፍኬት ያየ ሰው ይገባዋል። ከዚህ በኋላ የሀብትና ዕዳ፣ የትርፍና ኪሳራ እና የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫዎች እንዴት እንደሚያያዙ ብታጠኚ ለመግቢያ ይበቃሻል።

ኳንት_ብቻ
ስለ ፈተናው። ለአገር ውስጥ ከሆነ የዩኒቨርሲቲው የራሱ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ጋት አለ፣ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚሰጠው አገር አቀፉ ኤንጋትም አለ። የምታመለክችበት ፕሮግራም የቱን እንደሚቀበል ሳታጣሪ አትክፈይ። ደግሞም ፈተናውን ማለፍ ማለት ተቀባይነት ማግኘት አይደለም፤ ለትምህርት ክፍሉ የሚገባው ማመልከቻ ለብቻው ነው።

ለውጭ ጂማት (ለቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ የመግቢያ ፈተና) ወይም ጂአርኢ (አጠቃላይ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) ነው። የአሁኑ ጂማት ሦስት ክፍል አለው፤ ኳንት (ሒሳብ) 21፣ ቨርባል (ንባብና አመክንዮ) 23፣ ዳታ ኢንሳይትስ (መረጃ ትንተና) 20 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። ነጥቡ ከ205 እስከ 805 ነው። ድርሰት የለውም፣ ጂኦሜትሪም ከኳንት ወጥቷል። ኢንጂነሮች "ሒሳቡስ የኛ ነው" ብለው ይገቡና ሁለት ቦታ ይያዛሉ። አንደኛ፣ ኳንት ላይ ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ በክፍልፋይና በፐርሰንት የእጅ ስሌት ያልተለማመደ ሰው ሰዓት ያልቅበታል። ሁለተኛ፣ "መረጃው በቂ ነው ወይስ አይደለም?" የሚለው ጥያቄ መልሱን ሳይሆን በቂነቱን ነው የሚፈልገው። እስከ መጨረሻው የሚያሰላ ሰው ሳያስፈልገው ደቂቃ ያቃጥላል።

ሁለት ነፃ የልምምድ ፈተና በጂማት ድረ ገጽ ላይ አለ። አንዱን ሳታጠኚ ውሰጂው፣ ሁለተኛውን ለመጨረሻ አቆይው። ውጤቱ 5 ዓመት ያገለግላል። ጂአርኢ ከሁለት ሰዓት በታች ነው፣ የስክሪን ካልኩሌተር አለው፣ ቃላቱ ግን ይከብዳሉ። ለጥናት አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጥሩ ነው፤ ቅዳሜ ከሆነ ማልደሽ ሂጂ።

ማኅተም_ይደረግ
እኔ ብሆን ከሁሉም በፊት ወረቀቱን አስጀምር ነበር፤ ፈተና በራስሽ እጅ ነው፣ ሬጅስትራር ግን በራሱ ሰዓት ነው የሚሄደው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የተማርሽው፣ የወጪ መጋራቱን ሳትጨርሺ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ ትቸገሪያለሽ። የተከፈለበትን ማስረጃ ይዘሽ ሂጂ። በዚያው ጉዞ ትምህርቱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም አሠሪ፤ በሱ የቋንቋ ፈተና የሚተዉ ትምህርት ቤቶች አሉ።

ከዚያ ስም። ትራንስክሪፕቱና ፓስፖርቱ ላይ ያለውን የላቲን ፊደል አጻጻፍ በፊደል በፊደል አስተያዪ። ለፈተና ስትመዘገቢ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ነው የምትጽፊው፤ አንድ "ኤች" ስትጨመር ወይም የአያት ስም ስትቀር በር ላይ ትመለሻለሽ። ዓመተ ምሕረቱንም አትርሺ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2012 ሐምሌ የተመረቀ ሰው ፎርሙ ላይ 2020 ነው መሙላት ያለበት።

ኦፊስ_ሜክሲኮ
ሁላችሁም ተባረኩ። አንድ የቀረኝ፦ አለቃዬ የድጋፍ ደብዳቤውን "ጽፈሽ አምጪው፣ እፈርማለሁ" ብሎኛል። ችግር አለው?

ዴቢት_በግራ
ለውጭ ከሆነ አለው። ደብዳቤው የሚሞላበት ሊንክ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ለሱ ነው የሚላከው፣ ራስሽ መጻፍሽ ከታወቀም ማመልከቻሽ ሊሰረዝ ይችላል። ያ ማለት ባዶ እጁን ተዪው ማለት አይደለም። የሠራሻቸውን ሦስት አራት ነገሮች በአንድ ገጽ ጻፊለት፦ የትኛው ቫሪየሽን (የሥራ ለውጥ) በምን ያህል ብር ጸደቀ፣ የትኛው ቴክኦፍ (ከዲዛይን የወጣ የሥራ መጠን ልኬት) ላይ ስህተት አግኝተሽ ስንት ተረፈ። እሱ በራሱ ቃል ይጻፈው። ድርሰትሽም ከዚያው ገጽ ይወጣል፤ "የክፍያ ሰርተፍኬት አዘጋጃለሁ" ብሎ ማለፍ ምንም አይነግራቸውም፣ ክፍያው ሲዘገይ ሳይት ላይ ምን እንደሚቆምና አንቺ ምን እንደወሰንሽ ጻፊ። የኩባንያ ኢሜይል ካለው በሱ ይሙላው፣ ጂሜይል ጥያቄ ያስነሳል።

ማኅተም_ይደረግ
ማታ እዚሁ የምትማሪ ከሆነና ድርጅቱ የሚከፍልልሽ ከሆነ ደግሞ የስፖንሰር ደብዳቤውን ማኅተም አስደርጊበት። ፊርማ ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ይመልሱሻል።